የፈረሰኛው አጎት

ባለፈው ወር እዚሁ ጅግጅጋ ለአንድ ሰርግ ተጠርቼ ሄጄ አቶ ይመርን አየሁት። ማይክ ይዟል። ሰው ሰርግ ላይ ለሙሽሮቹ ሁለት ቃል መርቆ ይቀመጣል እንጂ፣ ማይክ ጨብጦ ሩዙ እስኪቀዘቅዝ ድረስ ስለ ጦርነት የሚያወራ ከይመር በቀር አላውቅም። ያቺ ዝንጉርጉር የወታደር ጃኬት ዛሬም ከላዩ አልወረደችም። እዚሁ ከተማ ታይዋን ከሚባለው ገበያ፣ ከሰልባጅ ክምር ውስጥ ጎልጉሎ ያወጣት ናት። ትከሻዋ ሰፍቶት ያጠበብኩለት እኔ ነኝ፤ ሰማንያ ብር ስለው ሃምሳ ካልሆነ ብሎ ግማሽ ቀን ተከራክሮኛል። የናፍታሊን ሽታዋ ከነበርኩበት ወንበር ድረስ መጣብኝ። «የወንድሜ ልጅ በፈረስ ተራራ ለተራራ ሲዋጋ፣ እኔ እዚህ ሆኜ ነፍሴ ከእሱ ጋር ነበረች» ይላል። አዲስ የመጡት የመሥሪያ ቤት ልጆች እውነት መስሏቸው ያጨበጭባሉ። ሐልዋዬን በሶፍት ጠቅልዬ ተነሣሁ። ውጭ ያ የከተማችን ንፋስ አቧራውን እያነሣ ፊቴን መታኝ፤ እውነቱን ለመናገር ከይመር ንግግር እሱ ይሻላል።

እኔ አስካለ እባላለሁ፤ ልብስ ሰፊ ነኝ። የተወለድኩት አዲጋላ ነው፤ አባቴ የባቡር ሠራተኛ ነበር። ጅግጅጋ ያመጣኝ ትዳር ነው፤ ትዳሩ አለፈ፣ እኔ ቀረሁ። ሱቄ ገበያው ውስጥ ሳህራ ከምትባል ጨርቅ ሻጭ ጎን ነው። ሶማሌዎቹ ዲራ የሚሉትን ስስና ሰፊ ቀሚስ እሷ ጨርቁን ትሸጣለች፣ እኔ እሰፋለሁ። ያኔ ከድንበሯ ከተማ ከውጫሌ በኩል የሚገባው ጨርቅ ጥራቱ ሌላ ነበር። ብርቱካናማው ላይ የወርቅ ነጠብጣብ ያለበት፣ ታጥቦ ቀለሙን የማይሰጥ፣ አንድ ሙሉ ቀሚስ ከነሻሹ በአራት መቶ ብር ይገኝ ነበር። የእጄን ዋጋ መቶ ሃምሳ ስል ሳህራ «አባዮ፣ አንቺማ ሌባ ነሽ» እያለች ትስቅብኝ ነበር። አባዮ እህቴ ማለት ነው። ዛሬ የዚያኑ ግማሽ የማያምር ጨርቅ በሁለት ሺህ ብር ይዘው ይመጡና፣ አንዴ ታጥቦ ሰውነት ላይ ቀለም ሲለቅ እኔን ይወቅሱኛል። ሳህራ ትንሽ ሬዲዮ ነበራት፤ ዑድ የሚመታበት የድሮ የሶማሌ ዘፈን ካልሆነ አትከፍትም። ከተማዋ በአንድ ቀን በተገለበጠችበት በዚያ ክረምት፣ የስፌት መኪናዬን ቤቷ ወስዳ ጨርቅ ቆልላበት፣ የሶማሌ ያልሆነ ንብረት ሊዘርፉ በሯ ላይ ለመጡት ሰዎች «የእኔ ነው፣ ምን ትሆናላችሁ?» ያለች ሴት ናት። ስለዚህ ስለ እሷ ሳወራ ሚዛን ጠብቂ የሚለኝ ካለ ትርፉ ድካም ነው።

የሳህራ ባል ሰይድ የወሎ ሰው ነበር፤ ወታደር ሆኖ መጥቶ፣ ወታደርነቱን ሲተው የፈረስ ጋሪ ገዝቶ ጅግጅጋ ቀረ። ሁለት ልጆች አሉት፤ ጀማልና ሙክታር። ሰይድ ሲሞት ጋሪውን ታላቅየው ጀማል ያዘ። ጀማልን ያኔ ያላወቀው ሰው አልነበረም። ከመስጊዱ ማዶ ካለው መታጠፊያ ላይ ቆሞ፣ ኮፍያውን ወደ ኋላ አዙሮ፣ ፈረሱን በፉጨት ነበር የሚያናግረው። ከዚያ ባጃጅ መጣ። ሰማያዊው ባጃጅ መንገዱን እንደ ዝንብ ወረረውና ጋሪ የሚሳፈር ጠፋ። ልጁ ፈረሱን ሸጠ፣ አንድ ዓመት ሥራ ፈልጎ አጣ፣ ከዚያ ወታደር ቤት ገባ። ለአገር ፍቅር ነው ያለ የለም፤ ራሱም አላለም። «ሆዮ፣ ደመወዝ አለው» ነው ያላት እናቱን፤ ሆዮ በሶማልኛ እናቴ ማለት ነው። የሰሜኑ ጦርነት ሲነሣ ወደዚያ ወሰዱት። መኪና የማይወጣበት ተራራ ሲገጥማቸው አዛዡ «ፈረስ የሚያውቅ» ብሎ ሲጠይቅ ጀማል እጁን አወጣ። ከገበሬ የተሰበሰቡ ፈረሶች ሰጧቸውና የፈረሰኛ ቡድን ተባሉ፤ መልእክት ያደርሳሉ፣ ቁስለኛ ያወርዳሉ፣ መንገድ ይሰልላሉ።

እንግዲህ ይመር የሰይድ ታላቅ ወንድም ነው። ጡረታ የወጣ የመሥሪያ ቤት ሰው፤ በወጣትነቱ ሐርተሼክ የስደተኞች ካምፕ በነበረች ጊዜ የእርዳታ መጋዘን ውስጥ የዘይት ጣሳ ሲያስረክብ የኖረ፣ ጥይት ሲተኮስ የሰማው በሰርግ ነው። ወንድሙ በሞተ ጊዜ ለሁለቱ ልጆች አንድ ጫማ አልገዛም። ጀማል ፈረሰኛ ሆነ ሲባል ግን በአንድ ሳምንት ውስጥ አጎት ሆነ! ጃኬቷን ገዛ፣ ፂሙን አሳደገ፣ አካሄዱ ሳይቀር ተለወጠ። ጊዜውም እንደ እሱ ላለ ሰው የተመቸ ነበር። ፒካፕ ላይ የተጫነ ድምፅ ማጉያ ከጠዋት ጀምሮ የማርሽ ዘፈን ያንባርቃል፣ በየአዳራሹ ስብሰባ ነው፣ ፌስቡክ ላይ አልጋው ውስጥ ተኝቶ የሚዋጋው ብዛቱ። ስብሰባ በተጠራ ቁጥር ይመር ከፊት ወንበር ነው፤ የፊት ወንበር ላይ ደግሞ የታሸገ ውሃ አለ።

ጀማል ባለበት ስልክ አልነበረም። ደብዳቤ ይጽፍና ቁስለኛ ሲመለስ ወይም ሹፌር ሲገኝ ይልካል። የሚልከው በአጎቱ ስም ነበር። ሳህራ ሶማልኛ ማንበብ ትችላለች፤ አማርኛ እንደ እኔና እንደ እናንተ ትናገራለች፣ ፊደሉን ግን አታውቀውም። ልጁ ደግሞ የተማረው በአማርኛ ስለሆነ ሶማልኛ ይናገራል እንጂ አይጽፍም። እናትና ልጅ በሁለት ቋንቋ እየተነጋገሩ ኖረው፣ ወረቀት ላይ ሲደርሱ መሃላቸው ይመር ቆመ።

የመጀመሪያው ደብዳቤ ሲመጣ እኔም ሳህራ ቤት ነበርኩ። ይመር መነጽሩን ጠረገ፣ ጉሮሮውን ጠረገ፣ ቆሞ አነበበ። «ይድረስ ለውድ እናቴ። በተራሮች አናት ላይ እንደ አንበሳ እያገሳሁ፣ ጠላትን እንደ ገለባ እየበተንኩ እገኛለሁ። ደሜ እስኪንጠፈጠፍ ወደ ኋላ አልልም።» ጎረቤት አለቀሰ። ሳህራ ሰምታ ጨረሰችና፣

«ስለ ምግቡ አልጻፈም?» አለችው።

«ጀግና ስለ ምግብ አይጽፍም!»

«ብርዱስ?»

«ሳህራ፣ ይህ ታሪክ ነው። ታሪክ ውስጥ ብርድ የለም።»

ወረቀቱን አጥፎ ደረት ኪሱ ከተተና ሄደ። ስጠኝ ብትለው «ለማስረጃ እኔ ጋ ይቀመጥ» አላት፤ ለሙክታርም ለእኔም አላሳየንም። ሁለተኛውም ሦስተኛውም እንዲሁ ሆነ። ደብዳቤዎቹን እሷ ቤት ከማንበቡ በፊት አዳራሽ ውስጥ ያነባቸው ጀመር።

አንድ ቀን ሳህራ ጨርቋን ሳትዘረጋ ሱቄ ገብታ ተቀመጠች። ፊቷ አመድ መስሏል። «አባዮ፣ ጀማል ሞቷል» አለችኝ።

«ማን ነገረሽ?»

«ማንም። እነዚያን ደብዳቤዎች ግን እሱ አልጻፋቸውም። ልጄ እንዲህ አይናገርም። ጀማል ገለባ ሲል ገለባ ማለቱ ነው፣ ፈረስ የሚበላው። ሞቶ ደብቀውኝ ሌላ ሰው ነው የሚጽፍልኝ።»

ተቆጣኋት፣ መከርኳት፣ ማልኩላት፤ ምንም አልጠቀመም። ከዚያ በኋላ ያለው ጊዜ ሳስታውሰው እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል። ሬዲዮዋን ዘጋች። ላሆህ፣ የሶማሌውን እንጀራ፣ ቆርሼ ስሰጣት በእጇ ይዛ ትቀራለች። ጥቁር ሻሽ አወጣች፤ ደንበኛ ሲጠይቃት «ንፋሱን ፈርቼ ነው» ትላለች። በሕይወት ያለ ልጇን በልቧ ቀበረች፤ ያ ከንቱ ደግሞ ማዶ አዳራሽ ውስጥ ውሃውን እየተጎነጨ «እናቱ እንደ ብረት ጠንካራ ናት» ይልላት ነበር። በዚህ ላይ ታናሽየው ሙክታር የአጎቱን ንባብ እየሰማ ልቡ ሸፈተ። ሃያ ዓመት አልሞላውም፤ ጢም የለውም። «ወንድሜ እንዲህ እየሆነ እኔ እዚህ የሻይ ብርጭቆ አጥባለሁ?» ብሎ ተመዘገበ። ያስመዘገበው ይመር ራሱ ነው፤ ሁለት ፈረሰኛ ወልዶ ያሳደገ ይመስል ተንጠራርቶ።

ይመር ለአንድ ጉዳይ ድሬዳዋ በሄደበት ሳምንት፣ አንድ የአይሱዙ ሹፌር «የጀማል እናት የት ናት?» እያለ ገበያው ውስጥ መጣ። አጎትየውን ቢያጣው ሰው ወደ እኛ ጠቆመው። ከብስኩት ካርቶን የተቀደደ ወረቀት ነበር፤ በእስክሪብቶ ተጽፎ ጠርዙ ሻግቷል። ሳህራ አልነካም አለች። እኔ ተቀበልኩና አነበብኩ። ከብዙ ጊዜ በኋላ ስለሆነ ቃል በቃል አልልም፤ ግን እንዲህ ነበር የሚለው።

«ሆዮ፣ ደህና ነሽ? እኔ ደህና ነኝ። ዳማ ያልኩሽ ፈረስ ትናንት የሻለቃውን ባርኔጣ በላው። ጫፉን ብቻ ነው የበላው ግን ሻለቃው ሊረሽነው ነበር። ከጄሪካን ውሃ አልጠጣም ይላል፣ ካላፏጨሁለት። የአባቴ ፈረስም እንደዚህ ነበር፣ ታስታውሺያለሽ? ሽንኩርት ካየን ቆየን። ካልሲ የሚላክ ከሆነ ወፍራም ይሁን። ሙክታርን እንዳትልኩት ብዬ ጋሼ ይመርን በየደብዳቤው ለምኜዋለሁ፣ ነግሮሽ እንደሆነ አላውቅም። ከእኛ አንድ ይበቃል። እጁን ይዘሽ አስቀምጪው።»

ሳህራ ባርኔጣው ጋ ስደርስ አፏን በሻሿ ያዘች። «ይሄ ነው! ወላሂ ይሄ ልጄ ነው! አለ!» ብላ ጮኸች፤ ጨርቅ ሻጮቹ ሁሉ ብቅ ብቅ አሉ። ሳቀች፣ አለቀሰች፣ እንደገና አስነበበችኝ። ሁለተኛ ሳነብላት ነው የሙክታር ስም ጆሮዋ የገባው። ሳቋ ፊቷ ላይ እንዳለ ቀረ። «በየደብዳቤው ይላል?» አለችኝ። «በየደብዳቤው» አልኳት።

የሽኝቱ ቀን ሰኞ ነበር። አዳራሹ በባንዲራና በፕላስቲክ አበባ ተሸልሟል፤ አውቶቡሱ በር ላይ ሞተሩን አስነሥቶ ቆሟል። ልጆቹ አዲስ ካኪ ለብሰዋል። በሙያዬ ነው የምናገረው፣ ለእነሱ ሰውነት አልተሰፋም፤ እጅጌው መዳፋቸውን ይሸፍናል። ይመር መድረክ ላይ ወጣና ከኪሱ ወረቀት አውጥቶ «ከግንባር በትኩሱ የደረሰ» ብሎ ጀመረ። አንበሳው አገሳ፣ ገለባው ተበተነ። ሳህራ ከኋላ ቆማ እስኪጨርስ ጠበቀችው። ከዚያ፣

«ዋርያ ይመር!» አለች።

ሶማሌ ሰውን ሲጠራ ዋርያ ይላል፤ ለእኩያ ነው፣ ለታናሽ ነው። ለባል ታላቅ ወንድም በሕዝብ ፊት አይባልም። አዳራሹ ዞረ።

«ፈረሱ የት አለ?»

«የቱ ፈረስ?» አለ ይመር።

«የልጄ ፈረስ። ልጄ ፈረሰኛ ነው አላልክም? አንበሳ አለ፣ ገለባ አለ። ፈረሱ የት አለ?»

አንድ ሰው ሳቀ፤ ከዚያ ብዙ ሰው ሳቀ። ይመር ወረቀቱን ገለበጠው፤ የሌለ ነገር ይፈልጋል። «ሳህራ፣ ስሜታዊ አትሁኚ፣ እዚህ እንግዶች አሉ» አለ። እሷ ግን በሰልፉ መካከል አልፋ ሙክታር ፊት ቆማ ነበር። የብስኩቱን ካርቶን ሰጠችው። «የወንድምህን እጅ ጽሑፍ ታውቃለህ። አንብበው። ድምፅህን ከፍ አድርግ።»

ልጁ አነበበ። ባርኔጣው ጋ ሲደርስ ሕዝቡ ሳቀ፣ እሱም እየሳቀ ቀጠለ። የራሱ ስም ጋ ሲደርስ ወረቀቱን አወረደ። አልጨረሰውም። ሳህራ እጁን ያዘችው፣ ደብዳቤው እንዳዘዛት፤ ያን የሚያክል ወጣት እጁን እንደ ሕፃን ይዛ በመሃል መንገዱ አወጣችው። ሕዝቡ አጨበጨበ። እኔን ያስጠላኝ እሱ ነው። ለይመር ሲያጨበጭብ የቆየው እጅ ሳይቀዘቅዝ ለሳህራ አጨበጨበ፤ ሞቅ ያለ ነገር ካገኘ ለማንም ያጨበጭባል። ከዚያም የቀሩትን ልጆች በእልልታ አውቶቡሱ ላይ ጫናቸው። በር ላይ ዘሃራ የምትባል ጎረቤታችን ቆማ ነበር፤ ልጇ አውቶቡሱ ውስጥ ነው። «ያንቺ ይቅር፣ የእኔ ይሂድ?» አለችና ሳህራ እግር ሥር ምራቋን ተፋች። ሳህራ የልጇን እጅ ሳትለቅ አለፈች። እኔም ለይመርና ለአጨብጫቢው የተረፈ ብዙ ንቀት አለኝ፤ ለዘሃራ ግን ቅንጣት የለኝም። ልጇ አልተመለሰም።

በማግሥቱ ሳህራና እኔ ይመር ቤት ሄደን ደብዳቤዎቹን አምጣ አልነው። «ያን የካርቶን ደብዳቤ ልብስ ሰፊዋ ናት የጻፈችው» ብሎ ሲያስወራ አድሮ ነበር። ፊት ለፊቴ ግን አልደገመውም፤ ገብቶ አመጣቸው። ሱቄ ውስጥ ስንዘረጋቸው ዓይናችንን አላመንም። በቀይ እስክሪብቶ አርሟቸዋል! «ቅማል» የሚለው ተሰርዞ «ትግል» ተብሏል። «ፈራሁ» የሚለው ላይ ደማቅ መስመር አለ። አንዱ ጋ «ዳማ አንገቱን ትከሻዬ ላይ አድርጎ ይተኛል» የሚለውን አጥፍቶ ዳር ላይ «አላስፈላጊ» ብሎ ጽፏል። ለሙክታር የተጻፉት መስመሮች ሁሉ በቀይ ተከበዋል። ስለዚህ አላየሁም ሊል አይችልም። እኔም በዚያ ሳምንት ቀዩን እየዘለልኩ የጀማልን ሰማያዊ ጽሑፍ ለሳህራ አነበብኩላት። ሬዲዮዋን ከፈተች። ደንበኛ ጨርቅ ሊመርጥ ሲመጣ ስለ ዳማ ትነግረዋለች፤ ባርኔጣ መብላቱን፣ ነጭ ፌስታል ሲያይ መደንበሩን። ከጀማል በተጨማሪ ለፈረሱም ዱዓ ታደርግ ነበር። ከዚያ በኋላም አዳዲስ ደብዳቤዎች መጡ፤ በሁሉም ውስጥ ዳማ አለ።

ጦርነቱ ቆመ ተባለና ጀማል መጣ። ከስቶ፣ ፀጉሩ ከጆሮው በላይ ሸብቶ። ይመር ፍየል እየጎተተ፣ ጃኬቷን ለብሶ፣ ሰው ሰብስቦ ደረሰ። ምንም እንዳልተፈጠረ ልጁን አቅፎ «እስቲ ለሕዝቡ አንድ ጀብዱ ንገር» አለው። ጀማል ከእቅፉ ወጣ። «ጋሼ፣ ፍየሉን ለዘሃራ ውሰዱላት» አለና ወደ ጓዳ ገባ። ይመር ሳቀ። ፍየሉ ለዘሃራ አልሄደም፤ እዚያው ታረደ፣ እዚያው ተበላ፣ ይመር ጎኑን በላ።

ከቀናት በኋላ ጀማል እናቱ ሱቅ መጥቶ ጨርቅ ክምር ላይ ተቀምጦ ነበር። እኔ በመካከላችን ያለውን መጋረጃ ገልጬ እየሰፋሁ ነው። ሳህራ ሻይ ሰጥታው፣ ለብዙ ቀን ስታመነታበት የቆየችውን ጠየቀችው።

«ዳማን ለማን ሰጠኸው?»

ልጁ ብርጭቆውን መሬት አስቀመጠ። «ሆዮ፣ ዳማ የሞተው በመጀመሪያው ወር ነው። ከባድ መሣሪያ መታው። እኔ ውሃ ልቀዳ ወርጄ ነበር።»

«ባርኔጣውስ?»

«ባርኔጣም የለም።»

«ፌስታሉስ?»

«እሱ የአባባ ፈረስ ነው። ረስተሽው ነው፣ ፌስታል የሚፈራው እሱ ነበር።» አንገቱን ደፋ። «ምን ልጻፍልሽ? ያየሁት ለእናት አይጻፍም። ካልጻፍኩ ደግሞ ሞተ ትያለሽ። ስለ እሱ ስጽፍ እጄ አይንቀጠቀጥም ነበር።»

መኪናዬን አቆምኩ። ሳህራ ትቆጣለች ብዬ ነበር፣ ወይም ታለቅሳለች። ለፈረሱ ስትጸልይ የነበረች ሴት ናት። እሷ ግን ዓይኗ እግሩ ላይ ነበር። ያን ወፍራም ቡትስ ከመጣ ጀምሮ ሰው ፊት አላወለቀውም፤ ለሶላት እንኳ ብቻውን ነበር የሚታጠበው።

«ታዲያ ያን ሁሉ ጊዜ በምን ሄድክ?» አለችው።

«በእግሬ።»

«አውልቅ።»

«ሆዮ ተይኝ።»

«አውልቅ ጫማህን።»

አላወለቀም። ሳህራ መሬት ላይ ተንበርክካ ክሩን ራሷ ፈታችው። ካልሲው ከቆዳው ጋር ተጣብቆ ስለነበር ከሻይ ማንቆርቆሪያው ጎን ያለውን ለብ ያለ ውሃ እያፈሰሰች ቀስ ብላ አላቀቀችው። ሁለት ጣቶች የሉም። የቀሩት ላይ ጥፍር የለም፤ ተረከዙ እንደ ደረቀ ጭቃ ተሰንጥቋል። ሳህራ ከክምሩ ላይ ብርቱካናማውን፣ ውዱን፣ የወርቅ ነጠብጣቡን ጨርቅ ስባ ጭኗ ላይ ዘረጋችና እግሩን አስቀመጠችበት። በሁለት እጇ ይዛው ቆየች። ጀማል ግድግዳውን ተደግፎ ዓይኑን ጨፈነ።

ደጃፉ ላይ ሁለት ሰዎች ቆመዋል። አንዱ ስልኩን ደቅኗል። «ፈረሰኛው እሱ ነው? አጎቱ ሂዱና እዩት ብለውን ነው» አለኝ። ተነሥቼ የሳህራን ሱቅ መጋረጃ ፊታቸው ላይ ዘጋሁት።